ኦጄላዴ የሚጠራበት ቀን

አያንሶላ እናቲቱ የምትባለውን ትልቋን ከበሮ ደረቱ ላይ አንጠልጥሎ ቁልቁለቱን ሲወርድ ሆን ብሎ እግሩን ይጎትት ነበር። ከኋላው የሚከተለው አኪንላቢ ነገሩ ገብቶታል። ወጣቱ ትናንት ማለዳ ከኢዋዬ የተነሳው ይህን ከበሮ መቺ በገባበት ገብቶ እንዲያመጣ በቤቱ ታላቅ በባባ ላዪዎላ ታዝዞ ነው። ያገኘውም ሰርግ ቤት ነበር። ሰርጉ ካለቀ አራት ቀን አልፎታል፤ አያንሶላ ግን ዓይኑን በጨው አጥቦ የተረፈውን ቦዬ እያስቀጠቀጠ ይበላል።

«ባባ አያን፣ እንዲህ ከተራመድን እኮ የምንደርሰው ለከርሞው በዓል ነው» አለ አኪንላቢ።

«ከበሮዋ ከብዳኝ ነው።»

«ይስጡኛ፣ ልሸከምልዎ።»

«አንተ? ከከበሮ መቺዎቹ ከአያን ዘር ያልተወለደ እጅ ያረፈባት ለት ሦስት ቀን ታኮርፋለች። በዓላችሁን በኩርፊያ ልታሳልፉ?»

«እንግዲያው አይክበድዎ።»

አያንሶላ ትንሽ እንደሄደ አንድ የዛፍ ጥላ አየና ቁጭ አለ፤ የከበሮዋን ትልቁን ፊት ወደ ላይ አዙሮ መሀሉ ላይ የተለጠፈውን ጥቁር ሙጫ በአውራ ጣቱ ይጫነው ጀመር። ፀሐይ አቅልጦታል፣ እንዲህ ሆኖ ድምፅዋ ይበላሻል አለ። ሙጫው ከጠዋት ወዲህ ሲቀልጥ ይህ ሦስተኛው ነው። አኪንላቢ ተስፋ ቆርጦ ፊት ለፊቱ ቁጢጥ አለ።

«ለምን እንደሚሸሹ አላውቅም» አለ። «ወንድሜ ኦጄላዴ ጓደኛዎ ነበር። በሌላ ሰው እጅ ከሚጠራ በእርስዎ ቢጠራ አይሻልም? እምቢ ካሉ ባባ ላዪዎላ ከወንዝ ማዶ መቺ ሊያስመጡ ነው። ያ ሰውዬ ደግሞ የአያቶቻችንን ስም በወጉ አያውቅም። የጎረቤቱን አያት ጠርቶ እኛ ቤት ያስገባብናል።»

አያንሶላ ሳያስበው ፈገግ አለ፤ ወዲያው ግን ፊቱ ተመለሰ።

«መሞቱን ማን አየ?»

«ማንም። ግን ዘንድሮ ሁለት ጨቅላ ቀበርን፣ ባባ አያን። ዐዋቂውም ያሉት አንድ ነገር ነው፤ ያልተጠራ ሰው ደጃችሁ ላይ ቆሟል ነው ያሉት። ከወንድሜ ሌላ ማን አለን?»

«በሕይወት ካለስ?»

ከሙታን ተራ ገብቶ በባታ ከበሮ የተጠራ ሰው፣ በሕይወት ካለ፣ የቤቱ መንገድ ይዘጋበታል። ይህን ኢዋዬ ውስጥ የማያውቅ የለም። ሞቶ ያልተጠራ ደግሞ ቤቱ አልሰማ ብሎት ደጅ ቆሞ ይቀራል። ከሁለቱ አንዱን የሚመርጠው ደግሞ የከበሮ መቺው እጅ ነው።

«እኔ መልኩ እንኳ ጠፍቶኛል» አለ አኪንላቢ በመጨረሻ፤ ድምፁ ዝቅ ብሎ ነበር። «አሥር ዓመቴ ነበር። ድምፁ ብቻ ትዝ ይለኛል፣ ጎርናና ነበር አይደል? ከተጠራ በኋላ ሚስቱ አጆኬ በውርስ ወደ እኔ ትዞራለች ይላሉ። አፍንጫዬን እየጠረገች ያሳደገችኝን ሴት በምን ዓይኔ ነው የማያት?»

«በሁለቱም» አለ አያንሶላና ተነሳ። አኪንላቢ ሳቀ። አያንሶላ ግን የተነሳው ቀልዱን ፈልጎ አልነበረም፤ ስሟን ሲሰማ መቀመጥ ስላልሆነለት ነው።

የሸሸበትን ምክንያት የሚያውቅ ከእሱ በቀር አንድም ሰው አልነበረም። የዛሬ ዘጠኝ ዓመት የሰሜን ፈረሰኞች የቀድሞ ከተማቸውን ኢሎጆን ሲያቃጥሉ ሕዝቡ ልጁን አዝሎ፣ ሽማግሌውን ደግፎ ወደ ደቡብ ፈለሰ፤ ጎሕ ሲቀድ ከወንዙ መሻገሪያ ደረሰ። ጉሙ የገዛ እጅን አያሳይም ነበር። ውሃው ሞልቷል፣ የሚረገጠው ድንጋይ ያለው ደግሞ አንድ ቦታ ብቻ ነው። ያኔ ላዪዎላ አያንሶላን ከማዶ ካለው ቋጥኝ ላይ አቁሞ የቤቱን ስሞች በተራ ጥራ፣ የመጨረሻው ሰው እስኪሻገር እጅህን እንዳታነሳ አለው። ባታ ኮልታፋ ነው፣ ቃሉን ይሰባብረዋል፤ ላላደገበት ጆሮ ጫጫታ ነው። የኢሎጆ ልጅ ግን ያን ድምፅ ይዞ ዓይኑን ጨፍኖ መሻገር ይችላል። ብዙ ሰውም ተሻገረ። ኦጄላዴ ቀስተኞቹን ይዞ ፈረሰኞቹን ለማዘግየት ከኋላ ቀርቶ ነበር።

ከዚያ የፈረስ ኮቴ ተሰማ። አንድ ቀስት መጥቶ ቋጥኙ ላይ ተሰበረ። አያንሶላ መዳፉን የከበሮዋ ቆዳ ላይ ጭኖ ድምፅዋን አፈነና ሸምበቆው ውስጥ ገባ። ጉሙ ሳይገለጥ፣ ኦጄላዴ ሳይሻገር። በኋላ ሲጠየቅ ፀሐይ እስክትወጣ መታሁ አለ። ከበሮው መሀል ላይ ጠፋብን ያሉም ነበሩ፤ ነፋስ ይሆናል አላቸው። እነሱም አመኑት።

ከዚያን ቀን ወዲህ፣ ፀሐይ ስታዘቀዝቅ፣ ከሰፈሩበት ከኢዋዬ ቅጥር ወጥቶ ፊቱን ወደ ሰሜን አዙሮ የኦጄላዴን ስም ይመታል። በሕያዋን ተራ፣ ና ብሎ። ሰው ሲለማመድ ይመስለዋል። ዛሬ ያን ስም በገዛ እጁ ከሙታን ተራ አስገባ ሊሉት ነው፤ ከዚያ በኋላ ደግሞ ና ብሎ መጥራት የለም። ጓደኛው በጣም ይናፍቀው ነበር። ጥርሱን እየፋቀ የሚያወራው ወሬ፣ ተረት ሲያወራ ጫፉን ረስቶ በራሱ መሳቁ፣ ይሄ ሁሉ ይናፍቀው ነበር።

ኢዋዬ ሲደርሱ ፀሐይዋ ካናት አልፋ ነበር። ባባ ላዪዎላ ከቤቱ ክፈፍ ሥር፣ ቁርበቱ ላይ ተቀምጠው ጠበቁት። የቤቱ ታላቅ እሳቸው ናቸው፤ ለአያቶች የሚቆረሰው የኮላ ፍሬ በእሳቸው እጅ ነው የሚቆረሰው። አያንሶላ ከበሮዋን ለአኪንላቢ ሳያቀብል በቀስታ ሣሩ ላይ አኖራትና በደረቱ መሬት ላይ ተዘረጋ።

«ተነስ» አሉት ሽማግሌው። «ሰርጉ አማረ?»

«አምሯል፣ ባባ።»

«ሙሽሪት ሳትወልድ በመምጣትህ ደግ አደረግህ።»

አያንሶላ አቧራውን ከደረቱ እያራገፈ ተነሳ። ሽማግሌው አልሳቁም። በግራቸው በኩል፣ ከበሩ ወዲያ፣ ሁለት ትንንሽ የአፈር ጉብታዎች ነበሩ፤ አንደኛው ላይ ገና ሣር አልበቀለም።

«ስማ። የኦጄላዴ እናት ልጇን ይመለሳል ብላ እየጠበቀች ሞታለች። እኔ እንደዚያ አልሞትም። ሞቶም ከሆነ ይግባ፣ ሳይሞት ተጠርቶ መንገዱ ቢዘጋም ኃጢአቱን እኔ ልሸከም። ደጃችን ላይ ቆሞ ልጆቻችንን እያየ ግን አይኖርም። ገባህ?»

«ገብቶኛል።»

«አንድ ችግር አለ። አጆኬ የኦጄላዴን ልብስ ከልክላናለች። ለምነናት፣ ተቆጥተናት አልሰማ አለች። አያንሶላ ራሱ መጥቶ ይጠይቀኝ ነው የምትለው። የሰው ሚስት ባሏን ስትጠብቅ አይፈረድባትም፤ ግን የሱ ጨርቅ ያልተሰፋበት የሙታን ልብስ አልብሰን ኤጉንጉኑን አናወጣም። ሂድና አናግራት።»

አጆኬ ከቤቱ ጀርባ፣ ከማቅለሚያ ጋኖቿ መሀል ነበረች። እጆቿ እስከ ክርናቸው ጥቁር ሰማያዊ ናቸው፤ ከዓመት ዓመት አይለቃቸውም። ከጋኑ ውስጥ አንድ ሸማ በእንጨት እያነሳች እያጠለቀች ዞር ሳትል፣ «መጣህ?» አለችው።

«መጣሁ።»

«ከሳህ። የሰርግ ምግብ እንዲህ ነው የሚያከሳ?»

የተደፋ ጋን ላይ ተቀመጠ።

«ልብሱን ከልክለሻል አሉኝ።»

«አልከለከልኩም። ከአንተ አፍ ልስማ ብዬ ነው። አሁን ሌላ ሰው መጥቶ ሞቷል ቢለኝ ምኑን ያውቃል? አንተ ግን በየምሽቱ ወጥተህ ስሙን ትመታለታለህ። ሲለማመድ ነው ይላሉ። እኔ የዚህ ቤት ሚስት ነኝ፣ የቤቱን ውዳሴ ከቤቱ ልጆች የበለጠ አውቀዋለሁ። ና እያልከው እንደሆነ መች አጣሁት።» ሸማውን አውጥታ ጨመቀችው። «አምነህበት ነው ዛሬ ከሙታን ልታስገባው?»

አያንሶላ ጣቶቹን አየ። ውሸቱን ዘጠኝ ዓመት ተሸክሞታል፣ እስከ መቃብሩም ሊሸከመው ይችል ነበር። ነገር ግን እሷ ጠየቀችው፣ ከዚህ በላይ አልቻለም።

«አጆኬ፣ እኔ ያን ለት እስከ መጨረሻው አልመታሁም።»

ሸማውን መጭመቋን ተወች።

ሁሉንም ነገራት። ጉሙን፣ የፈረሱን ኮቴ፣ የተሰበረውን ቀስት፣ ሸምበቆውን። አንዱንም አላስዋበውም፤ ፈርቼ ነው ብሎ ነገራት። እሷም አላቋረጠችውም። ሲጨርስ ያልጠበቀውን ጥያቄ ጠየቀችው።

«የቱ ላይ ነበር ያቆምከው?»

«ምኑን?»

«ስሞቹን ነዋ። በተራ ስትጠራ ማን ላይ ደርሰህ ነበር?»

ይህን ማንም አይጠይቀኝም ብሎ ነበር። ራሱን ግን ስንት ሌሊት ጠይቆታል።

«አባቱ ላይ። የአባቱን ውዳሴ ጨርሼ ወደ እሱ ልሻገር ስል ነው።»

«እሱን አልጠራኸውማ።»

«አልጠራሁትም።»

አጆኬ ቀስ ብላ መሬት ላይ ተቀመጠች። አያንሶላ ዱላውን፣ ስድቡን፣ እርግማኑን ጠብቆ አንገቱን ደፋ። ቀና ሲል ግን ፊቷ ላይ ያየው ሌላ ነገር ነው፤ አንድ የከበደ ሸክም ከራሷ ላይ እንዳወረዱላት ዓይነት ነበረች።

«አልሰማም ነበር» አለች። «ኦጄላዴ አልሰማም ነበር እኮ።»

«አልሰማም።»

«የዛሬ ሦስት ዓመት አንድ የኮላ ነጋዴ መጣ። ከሰሜን ገበያ የኢሎጆ ሰው አየሁ፣ አግብቷል፣ ወልዷል አለኝ። ስሙን አያውቅም። እኔ ግን እሱ ነው ብዬ አበቃሁ። ከበሮው ፀሐይ እስክትወጣ ተመቷል ብለኸን የለ? የሰማ ሰው ያልመጣው መምጣት ስላልፈለገ ነው አልኩ። ትቶኝ ነው አልኩ። ለካስ ስሰድበው የኖርኩት በከንቱ ነው። ልብሱን በየክረምቱ አጥቤ የማሰጣው የናፈቀኝ መስሏቸው ነበር፤ ናፍቆኝም ነው፣ ግን መጥቶ እንዲያፍርም ነበር። አፍሮ እንዳየው ነበር የፈለግኩት።»

ሰማያዊ መዳፏን ፊቷ ላይ አደረገች፣ ስታነሳው ጉንጯ ላይ አሻራው ቀረ። ድምፅዋ ተለወጠ።

«አሁን ግን ገደልከው፣ አያንሶላ።»

«አጆኬ…»

«ስማኝ። ከድቶኝ ቢሆን ኖሮ በሕይወት ይኖር ነበር። የያዝኩት ያንን ነበር፤ ይክዳኝ፣ ግን ይኑር። ያልከዳኝ ከሆነ ዘጠኝ ዓመት ከኔ የሚቀር ሰው አልነበረም። አንተስ አታውቀውም? ቢያስሩት ገመዱን በልቶ ይመጣ ነበር። እግር ቢያጣ በጉልበቱ ይድህ ነበር።» ወደ ሰሜን ሳይሆን ወደ መሬት አየች። «ሞቷል» አለች።

ቃሉን ከአፏ ስታወጣው የመጀመሪያዋ ነበር። አያንሶላም ያን ጊዜ ነው ያመነው። ሁለቱም ጋኖቹ መሀል ተቀምጠው አለቀሱ፤ እሷ ድምፅ አውጥታ፣ እሱ ጥርሱን ነክሶ። ናፍቆታቸው እስካሁን ወደ መንገዱ ነበር የሚያየው፣ አሁን ግን የሚያይበት አልነበረውም።

ስታበቃ አፍንጫዋን በሸማዋ ጫፍ ጠረገች፣ ወደ ቤት ገብታ የታጠፈ ልብስ ይዛ ወጣች። ባለ መስመር ነጭና ሰማያዊ ነው፣ አንገቱ ላይ ያረጀ፣ ከሳሙና ብዛት የሳሳ።

«እንካ። እንዲሰፉት ስጣቸው።»

«እኔንስ?» አለ አያንሶላ። «እኔን ምን ታደርጊኛለሽ?»

«አላውቅም። ይቅር ብያለሁ ብዬ ልዋሽህ? ዛሬ አልልም። ነገም እንጃ።» ልብሱን እጁ ላይ አኖረችለት፤ ለመልቀቅ ግን ጊዜ ወሰደባት። «ስሙ ላይ ስትደርስ እንዳትቸኩል።»

ልብሱ ተሰፍቶ ሲያልቅ ሴቶቹ ኤጉንጉኑን ከሰው ከሚለየው የዘንባባ ቅጠል አጥር ወዲህ ተንበረከኩ። በፊታቸው በቅጠል ተጠቅልሎ የተቀቀለ የባቄላ ሊጥ፣ በቀይ ዘይት የተቀባ ቦዬ፣ ገና ያልተቆረሰ ኮላ ተደርድሯል። ባባ ላዪዎላ ባዶ እግራቸውን ከጫካው አፍ ላይ ቆመዋል። አኪንላቢ ከሕዝቡ መሀል አልነበረም፤ የት ሄደ ብሎ የጠየቀም የለም፣ እንዲህ ባለው ቀን አይጠየቅም።

አያንሶላ በግራው የቆዳውን መምቻ ጅራፍ ይዞ፣ በቀኙ በባዶ መዳፉ ጀመረ። ልጅ የሚባሉት ሁለቱ ትንንሽ ከበሮዎች ከጎኑ ተከተሉ። በመጀመሪያ ቤቱን ያቆመውን ጠራ፤ ዝናብ ሳያቆም የሚያርሰውን። ቀጥሎ ልጁን፣ በነብር ቁርበት ላይ ሳይሆን በነብር ጎን የተኛውን። ኤጉንጉኑ ከጫካው ወጣ፣ የሙታኑን ሁሉ ጨርቅ ለብሶ፣ ከራሱ እስከ እግሩ አንዲት የሰው ጣት ሳታሳይ። ሲዞር ጨርቆቹ ተነሱ፤ ከሁሉም በላይ ባለ መስመሩ ነጭና ሰማያዊ ነበር፣ ስፌቱ ገና ትኩስ። ከሴቶቹ አንዷ ስታየው ጮኸች። አጆኬ አልነበረችም።

ቀጥሎ የኦጄላዴን አባት ጠራ፤ የእንግዳ ሳህን ሳይሞላ የራሱን የማይነካውን። እዚህ ላይ እጁ ዘገየ። ልጅ ከበሮዎቹ ብቻቸውን ሁለት ዙር ዞሩ፤ ባባ ላዪዎላ አንገታቸውን መለስ አደረጉ። አያንሶላ የጉሙ እርጥበት በአፍንጫው የመጣበት መሰለው። ቀና ሲል አጆኬ ከቅጠሉ ማዶ ታየዋለች። አልጠቀሰችውም፣ አልነቀነቀችም፤ ዓይኗን ግን ከእሱ ላይ አላነሳችም።

ኦጄላዴን ጠራው። አልቸኮለም። ቀጥ ያለው የኢሎጆ ዘንባባ አለው፣ ከወንድሞቹ ኋላ የሚቆመው አለው፣ ተረቱን ሳይጨርስ የሚስቀው አለው። ይህ የመጨረሻው በቤቱ ውዳሴ ውስጥ አልነበረም፤ ያን ለት አያንሶላ ጨመረው። በሕያዋን ተራ ና ብላ የምትነሳዋን እጁን አሳርፎ በሙታን ተራ ዘጋው። በሕይወቱ እንዲህ ያለ ከባድ ነገር መትቶ አያውቅም።

ኤጉንጉኑ ቀጥ ብሎ ቆመ። ከበሮዋ ብቻ ቀጠለች። ከጨርቁ ውስጥ የሙታን ድምፅ ወጣ፣ ጎርናና፣ ከጉሮሮ ሥር የተጎተተ።

«ሚስቴ የት ናት?»

አጆኬ በጉልበቷ ወደ ቅጠሉ ተጠጋች። «እዚህ ነኝ፣ ጌታዬ።»

«ከሩቅ ነው የመጣሁት። ዘገየሁብሽ።»

ይህን የሚጠሩት ሙታን ሁሉ ይሉታል፤ መልሱም የታወቀ ነው፣ ብትዘገይም ቤትህ ነው ትላለች ሚስት፣ ከዚያ ኮላው ይቆረሳል። ላዪዎላ ኮላውን አንስተው ጠበቁ። አጆኬ ግን ያን አላለችም።

«አውቃለሁ» አለችው፤ ድምፅዋ ማዶ ለማዶ ይሰማ ነበር። «አልሰማህም ነበር እኮ። ጥፋቱ ያንተ አልነበረም። እኔ ደግሞ ስንቱን ክፉ ተናገርኩህ፣ ቆይ ልንገርህ…»

የሐዘን ወሬ መስሏቸው ሰዎቹ አንገታቸውን ደፉ። አያንሶላ ብቻ ገባው። እጁ ከከበሮዋ ቆዳ ላይ ሊሸሽ ፈለገ። አልሸሸም። አጆኬ የዘጠኝ ዓመት ወሬዋን አንድ በአንድ ለባሏ ነግራ እስክትጨርስ፣ መዳፉ ተልጦ ደሙ ቆዳውን ሲያረጥበው እንኳ፣ ስሙን መምታቱን አላቆመም።